ዳዮድ ሁሉ ዳዮድ አይደለም

ኦክቶበር 2025 ላይ የዓለም መኪና አምራቾች ጭንቅላታቸውን ያዙ። የጎደላቸው ሞተር አልነበረም። ጎማም፣ ብረትም አልነበረም። የጎደላቸው ዳዮድና ትራንዚስተር ነበር። ከሩዝ ፍሬ የሚያንስ፣ ዋጋው በሳንቲም የሚቆጠር፣ በመሣሪያ ውስጥ ኤሌክትሪክን የሚቆጣጠር ዕቃ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚህን ዕቃዎች የሚያመርት ኔክስፔሪያ የሚባል ድርጅት አለ። መቀመጫው ኔዘርላንድስ፣ ናይሜኸን ከተማ ነው። ዘሩ ቢቆጠር ከፊሊፕስ ይወለዳል። ባለቤቱ ግን ዊንግቴክ የተባለ የቻይና ኩባንያ ነው። ሴፕቴምበር 30 ቀን የኔዘርላንድስ መንግሥት በ1952 የወጣና እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ ያልተነካ ሕግ ከመሳቢያ አውጥቶ በድርጅቱ ውሳኔዎች ላይ እጁን አስገባ። ቻይናም ዝም አላለችም። ኦክቶበር 4 ቀን፣ እዚያ ያለው የኔክስፔሪያ ፋብሪካ የሚያመርተው ከአገር እንዳይወጣ ከለከለች።

ጣጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዕቃው የሚሠራበት ሲሊከን በአብዛኛው አውሮፓ ውስጥ ይዘጋጃል። ተቆርጦ፣ እግር ወጥቶለት፣ ታሽጎ የሚያልቀው ግን ቻይና ውስጥ፣ ዶንግጓን ነው። ከአውሮፓ ከሚወጣው 70 በመቶ ገደማው በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው። አንዱ በር ሲዘጋ ሁሉም ቆመ። ሆንዳ ሜክሲኮ ያለውን ፋብሪካውን እስከማቆም ደረሰ። ኖቬምበር 19 ላይ የኔዘርላንድስ መንግሥት ትእዛዙን አገደ። የባለቤትነቱ ጭቅጭቅ ግን በዚያ አላበቃም።

በዚያ ሰሞን ቡና ላይ ወሬው ሲነሳ አንድ ወዳጄ «ታዲያ ከሌላ ሻጭ አይገዙም እንዴ? ዳዮድ እንደሆነ ዳዮድ ነው» አለ። ሳቅኩ። የሳቅኩት በእሱ አይደለም። እኔም አንድ ጊዜ በዚሁ ሐሳብ ጉድ ስለሆንኩ ነው።

ልጅ ሆኜ አባቴ የሚወዱት አሮጌ ሬዲዮ ነበር። አንድ ቀን ዝም አለ። ከፈትኩት። ቴስተር ሳስነካ አንዲት ትንሽ የብርጭቆ ዳዮድ ሞታለች። ያለኝ ከተቃጠለ ቻርጀር ላይ የነቀልኩት ጥቁር፣ ወፍራም ዳዮድ ነው። ቁጥሩ 1ኤን4007። ማንኛውም ጠጋኝ ጋ በእፍኝ የሚገኝ ነው። 1000 ቮልት ይችላል፣ 1 አምፔር ይሸከማል። ከብርጭቆዋ የሚበልጥ እንጂ የማያንስ መሰለኝ። ካውያዬን አግዬ በየድኩት። ሬዲዮው ተከፈተ። ጣቢያዎቹ ግን የሉም። አንድ በጣም ቅርብ የሆነ ጣቢያ ብቻ፣ እሱም ጉሮሮው እንደታነቀ ሰው ሲንኮራኮር ይሰማል። አባቴ ሰምተው «ከመነካካትህ በፊት ይሻል ነበር» አሉ። ትክክል አልነበሩም፤ ከመነካካቴ በፊት ጭራሽ ዝም ብሎ ነበር። ግን ማን ይከራከራቸዋል።

ለምን እንዳልሠራ ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ሲገባኝ ግን ዳዮድ የሚባለውን ነገር የማይበት ዓይን ተለወጠ።

ትምህርት ቤት የሚነግሩን ዳዮድ እንደ ውኃ ቫልቮላ ነው። በአንድ በኩል ያሳልፋል፣ በሌላው ይዘጋል። ዋን ዌይ መንገድ በሉት። ይህ ለ50 ኸርዝ የመብራት ኃይል እውነት ነው። የሬዲዮ ሞገድ ላይ ሲደርስ ግን ቫልቮላው ሦስት አመል ያወጣል።

አንደኛው፣ ቶሎ አይከፈትም። ተራ የሲሊከን ዳዮድ 0.6 ወይም 0.7 ቮልት ካልገፋው ንቅንቅ አይልም። ሲከፈትም እንደ በር ገርበብ እያለ ነው። ከረንቱ ቀጥ ባለ መስመር ሳይሆን በተጠማዘዘ መስመር ነው የሚያድገው።

ሁለተኛው፣ ተዘግቶም ያፈሳል። የተዘጋ ዳዮድ ማለት ሁለት ከረንት አሳላፊ ወገኖች በመካከላቸው ባዶ ንጣፍ ይዘው የቆሙበት ነው። ይሄ ደግሞ ካፓሲተር ነው፤ ሞገዱ በፈጠነ ቁጥር ይበልጥ የሚያሳልፍ ዕቃ። መጠኑ (ካፓሲታንስ ይባላል) አሥር ፒኮፋራድ ቢሆን ለመብራት ኃይል ከ300 ሚሊዮን ኦም በላይ የሆነ ግድግዳ ነው። ለ100 ሜጋኸርዝ የኤፍ ኤም ሞገድ ግን 160 ኦም ብቻ ነው። ግድግዳው የለም ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው፣ አዝግሞ ይዘጋል። ሲያሳልፍ ውስጡ ቻርጅ ያጠራቅማል። አቅጣጫው ሲገለበጥ ያ ቻርጅ ተጠርጎ እስኪወጣ ድረስ በሩ እንደተከፈተ ይቆያል። በ1ኤን4007 ይሄ ነገር ማይክሮ ሰከንዶች ይወስዳል። በአባቴ ሬዲዮ ውስጥ ደግሞ ምልክቱ የሚመጣው በ455 ኪሎኸርዝ ነበር። አንድ ዙሩ 2.2 ማይክሮ ሰከንድ ነው። ዳዮዱ ልዝጋ ሲል ሞገዱ ዞሮ ተመልሷል። በዚያ ላይ ከአንቴና መጥቶ እዚያ የሚደርስ ደካማ ጣቢያ 0.6 ቮልት ከየት ያመጣል? የሞተችው የብርጭቆ ዳዮድ ከሲሊከን ሳይሆን ከጀርማኒየም የተሠራች ነበረች። በ0.2 እና በ0.3 ቮልት አካባቢ ትከፈታለች። ካፓሲታንሷም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የማይተካውን በማይተካ ነበር የተካሁት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የሬዲዮ ሞገድ መሐንዲሶች እነዚህን ሦስት አመሎች ሲታገሉ ኖረው አንድ ነገር አገኙ። አመሉን ከማጥፋት ይልቅ ማሠልጠን። በሬዲዮ ዓለም ያሉት የዳዮድ ዓይነቶች ከጥቂቶቹ በቀር የሌላው ዳዮድ ጉድለት ተመርጦ፣ ተኮትኩቶ፣ ሥራ ሆኖ የወጣባቸው ናቸው። ስለዚህ አንዱ በሌላው አይተካም። የአንዱ ሙያ የሌላው በሽታ ነው።

በዕድሜ ታላቋን እናንሳ። በ1874 ፈርዲናንድ ብራውን የተባለ ጀርመናዊ የእርሳስ ማዕድን ድንጋይ ላይ ቀጭን ሽቦ ቢያስነካ፣ ከረንቱ በአንድ በኩል ከሌላው በበለጠ ሲያልፍ አየ። ለምን እንደሆነ አላወቀም። ያኔ ገና ሬዲዮ አልነበረም። በ1901 ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ የተባለ ህንዳዊ ሳይንቲስት ይህንኑ ማዕድን ሞገድ መያዣ አድርጎ የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ በ1904 ተሰጠው። ከዚያ ያለ ባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ መጣ። ረጅም ሽቦ፣ ጥቅል፣ ድንጋይ፣ ጆሮ ማዳመጫ። በቃ። የድንጋዩን ትክክለኛ ነጥብ በሽቦው ጫፍ እየወጋ መፈለግ የአድማጩ ፋንታ ነበር። በር ሲዘጋ ጠረጴዛው ከተንቀሳቀሰ ጣቢያው ይጠፋል።

ያ የሽቦ ጫፍ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። የሚነካው ቦታ ኢምንት ስለሆነ ካፓሲታንሱም ኢምንት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ራዳር ወደ 3 እና 10 ጊጋኸርዝ ሲወጣ የብርጭቆ አምፑል ቱቦዎቹ አልቻሉም። ኤሌክትሮኑ ቱቦውን ተሻግሮ ሳይደርስ ሞገዱ ይገለበጣል። ያኔ ያ የተረሳው ድንጋይና ሽቦ ተጠራ። በሲሊከን ተሠርቶ፣ ታሽጎ፣ 1ኤን21 እና 1ኤን23 እየተባለ ራዳር ውስጥ ገባ። የዛሬው የሴሚኮንዳክተር (ከረንት በከፊል የሚያሳልፍ ቁስ) ኢንዱስትሪ ሲሊከንና ጀርማኒየምን ማጥራት የተማረው በዚያን ጊዜ ነው።

የዚያች ድንጋይ የዛሬ ወራሽ ሾትኪ ዳዮድ ነው። ስሙ ከዋልተር ሾትኪ ነው፤ በ1938 ብረትና ሴሚኮንዳክተር ሲነካኩ የሚሆነውን በሒሳብ ያብራራ ጀርመናዊ። ብረት በሴሚኮንዳክተር ላይ ይለጠፋል። ሌላ ንብርብር የለም። የሚጓዙት ኤሌክትሮኖች ብቻ ናቸው። የሚጠራቀም ቻርጅ ስለሌለ መዘግየት የለም። በ0.2 እና 0.3 ቮልት ይከፈታል። ሦስተኛው አመል ጠፋ፣ ሁለተኛው ተቀነሰ። የቀረው አንደኛው ነው፤ ያ መጠማዘዝ። ሾትኪ የሚኖረው በእሱ ነው።

እንዴት? ጣሪያችሁ ላይ ያለውን ዲሽ አስቡ። ጫፉ ላይ የተንጠለጠለችው ኤልኤንቢ የምትቀበለው ሞገድ ከ10.7 እስከ 12.75 ጊጋኸርዝ ነው። ይህን ሞገድ በጥቁሩ ገመድ ወደ ሪሲቨር ልላክ ብትሉ፣ ገመዱ መንገድ ላይ ይበላዋል። ስለዚህ ኤልኤንቢዋ ውስጥ ሌላ ሞገድ ይፈጠራል፣ 9.75 ጊጋኸርዝ። ሁለቱ አንድ ላይ ጠማማ በሆነ ነገር ውስጥ ሲያልፉ ይባዛሉ። ሁለት ሞገድ ሲባዛ ድምራቸውና ልዩነታቸው ይወለዳል። በ11.1 ጊጋኸርዝ የመጣው ጣቢያ 9.75 ተቀንሶለት 1.35 ጊጋኸርዝ ሆኖ ይወርዳል። ይሄን ገመዱ ይሸከመዋል። መሐንዲሶች ሚክሰር ይሉታል። ቀጥ ያለ ነገር ውስጥ ቢያልፉ እንደገቡ ይወጣሉ እንጂ ልዩነት አይወለድም። መጠማዘዙ ነው ሠራተኛው። አሁን አሁን ብዙ ኤልኤንቢዎች ይህን ሁሉ በአንድ ቺፕ ውስጥ ጠቅልለውታል። በመቶዎች ጊጋኸርዝ ስትወጡ ግን ዛሬም ሾትኪን የሚተካ እምብዛም ነው። በ2009 የተላከው ሄርሼል የተባለው የአውሮፓ የጠፈር ቴሌስኮፕ ከ1 ቴራኸርዝ በላይ ሞገድ የሚያወጣለት በጋሊየም አርሴናይድ (ከሲሊከን ሌላ ሴሚኮንዳክተር) ላይ የተሠራ ሾትኪ ዳዮድ ነበር።

ሾትኪ አንድ ሌላ የሚገርም ሥራም አለው። ከአየር ላይ ኃይል መልቀም። በ1975 ካሊፎርኒያ ጎልድስቶን ላይ ዊሊያም ብራውንና ባልደረቦቹ በተደረደሩ አንቴናዎችና ሾትኪ ዳዮዶች 1.54 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ከ30 ኪሎዋት በላይ ኃይል በማይክሮዌቭ ተቀበሉ። በዚያው ሐሳብ፣ በጣም ባነሰ መጠን፣ መጋዘን ዕቃ ላይ የሚለጠፈው ባትሪ አልባ የሬዲዮ መለያ ነፍስ የሚዘራው ከአንባቢው መሣሪያ ሞገድ ላይ ኃይል ለቅሞ ነው።

ሁለተኛውን አመል፣ ካፓሲተርነቱን፣ ሙያ ያደረገው ቫራክተር ነው። ቫሪካፕም ይባላል። የተዘጋ ዳዮድ ላይ የተገላቢጦሽ ቮልቴጅ ሲጨመር በመካከል ያለው ባዶ ንጣፍ ይሰፋል። ንጣፉ ሲሰፋ ካፓሲታንሱ ይቀንሳል። ቮልቴጅ በመቀየር ብቻ፣ ምንም ሳይሽከረከር፣ የሬዲዮ ጣቢያ መቀየር ይቻላል ማለት ነው። የድሮ ሬዲዮ ሲከፈት የሚታየው እንደ መጽሐፍ ቅጠል አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባው የብረት ኮንደንሰር ሥራው ተወሰደበት።

በአዲስ አበባ ምሳሌ እናስላው። ብዙ የኤፍ ኤም ሬዲዮዎች ከሚፈልጉት ጣቢያ 10.7 ሜጋኸርዝ ከፍ ያለ ሞገድ ውስጣቸው ያመነጫሉ። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ን ስታዳምጡ ውስጡ 107.8 ላይ እየተወዛወዘ ነው። ወደ ሸገር 102.1 ስትሄዱ 112.8 መሆን አለበት። ፍሪኩዌንሲ የሚለወጠው ከካፓሲታንስ ካሬ ሥር ጋር በተገላቢጦሽ ስለሆነ የሰርኪዩቱ ካፓሲታንስ 9 በመቶ ገደማ መቀነስ አለበት። ቫራክተሩ ላይ ጥቂት ቮልት ሲጨመር ያ ይሆናል። ጣታችሁ ቁልፍ ነካ፣ ሸገር ገባ።

ኤኤም ላይ ሲደርስ ግን ሒሳቡ ይከብዳል። ከ530 እስከ 1600 ኪሎኸርዝ ለመድረስ ፍሪኩዌንሲው ሦስት እጥፍ ይሆናል። ካፓሲታንሱ ዘጠኝ እጥፍ መለወጥ አለበት። ለዚህ የተለየ፣ የንብርብሩ ቅመም (ከሲሊከኑ ጋር ሆን ተብሎ የሚቀላቀል ሌላ ንጥረ ነገር) በልክ የተቀመመ ቫራክተር ያስፈልጋል። ታዲያ የእነዚህ ዳዮዶች ገበያ ሲቀዘቅዝ አምራቾቹ አንድ በአንድ ማምረት አቆሙ። ዛሬ ቢቢ112 የተባለውን የሚፈልግ ሰው የድሮ ክምችት ያሳድዳል። የሚገዛው ደግሞ ቁጥሩ ብቻ ትክክል የሆነ፣ ውስጡ ሌላ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ከኔክስፔሪያ ጣጣ የከፋው ይሄኛው ነው እላለሁ። የመንግሥታት ጠብ ዜና ይሆናል፣ ሚኒስትር ይናገርበታል። አንድ የዳዮድ ዓይነት ከዓለም ሲጠፋ ግን ማንም ጡሩምባ አይነፋም።

ሦስተኛው አመል መዘግየት ነው። እኔን ጉድ የሠራኝ። እሱን ሙያ ያደረገው ፒን ዳዮድ ይባላል። ጃፓናዊው ጁንኢቺ ኒሺዛዋ በ1950 ከፈጠራቸው ነገሮች አንዱ ነው። በሁለቱ ወገኖች መካከል ምንም ያልተጨመረበት ወፍራም የጠራ ንጣፍ ይገባል። ይሄ ንጣፍ ቻርጅ ሲሞላ ቶሎ አይራገፍም። ሆን ተብሎ ነው። ጥቂት ሚሊአምፔር ቀጥተኛ ከረንት ስትሰጡት ንጣፉ ይሞላል። ከዚያ የሬዲዮ ሞገዱ ሲመጣ ዳዮዱ «ልዝጋ ልክፈት» ለማለት ጊዜ የለውም። ሞገዱ እየተመላለሰ የሚያየው አንድ ኦም አካባቢ የሆነ ተራ ሽቦ ነው። ከረንቱን ስታቋርጡ ንጣፉ ይደርቅና ሺዎች ኦም ይሆናል። በመካከል ያለ ከረንት ከሰጣችሁትም በመካከል ያለ ኦም ይሆናል። ማብሪያ ማጥፊያም ነው፣ ድምፅ መቀነሻም ነው፤ የሚንቀሳቀስ ክፍል ግን የለውም።

ቤታችን ሁለት ዲሽ ተክለን አንዱን ወደ ኢትዮሳት፣ አንዱን ወደ ናይልሳት ስናዞር ገመዶቹ አንዲት ትንሽ ሳጥን ላይ ይገናኛሉ። ሪሲቨሩ «አሁን ያኛውን» ሲላት የምትቀይረዋ ሳጥን። በብዙዎቹ ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት ፒን ዳዮዶች ናቸው። ሆስፒታል ውስጥ ኤምአርአይ የሚነሳ ሰው ላይ የሚደረገው መቀበያ ጥቅልም እንዲሁ። ማሽኑ ኃይለኛ ሞገድ ሲልክ ጥቅሉ ከዚያ ሞገድ ጋር አብሮ እንዳይነዝር ፒን ዳዮዱ ያናጋዋል። ሞገዱ ሲቆም ይለቀዋል። ያ ባይሆን ጥቅሉ ራሱ ሙቀት ፈጥሮ በሽተኛውን ሊያቃጥል ይችል ነበር። ራዳር ውስጥ ደግሞ ፒን ዳዮድ ዘበኛ ነው። የራሱ ራዳር ጩኸት ወደ ስስ ጆሮው ተመልሶ እንዳይገባ ይደፍነዋል። ሞባይል ውስጥ ቦታውን በአብዛኛው ትራንዚስተሮች ወስደውበታል፤ ምክንያቱም ፒን ከረንት ይበላል፣ ባትሪ ደግሞ ውድ ነው።

ከሦስቱ አመሎች የማይመደብ አንድ ቤተሰብ አለ። የምወደው እሱን ነው። ሞገድ የሚያመነጩት ዳዮዶች።

ልጅ ዥዋዥዌ ላይ ሲጫወት አይታችኋል። አንድ ጊዜ ገፍታችሁ ብትተዉት ቀስ በቀስ ይቆማል፤ ሰበቃ ይበላዋል። በሰርኪዩት ውስጥ ሰበቃው ሬዚስታንስ ነው። ቮልቴጅ ሲጨመርበት ከረንቱ የሚቀንስ ነገር ብታገኙስ? ሬዚስታንሱ ኔጌቲቭ የሆነ ነገር? ያ ሰበቃውን የሚሽር፣ በየዙሩ ዥዋዥዌውን ትንሽ ትንሽ የሚገፋ እጅ ነው። ሞገዱ አይቆምም።

ይህን በማዕድን ድንጋይ ላይ አግኝቶ ሥራ ላይ ያዋለው ኦሌግ ሎሴቭ የሚባል ወጣት ሩሲያዊ ነው። በ1922 የዚንክ ማዕድን ድንጋይ ላይ ሽቦ ሲወጋ ድንጋዩ ሞገድ ማጉላትና ማመንጨት እንደሚችል አገኘ። ትራንዚስተር ሊፈጠር 25 ዓመት ሲቀረው። ሌላ ድንጋይ፣ ሲሊከን ካርባይድ፣ ብርሃን ሲሰጥም አይቶ ጽፎበታል፤ የዛሬው ኤልኢዲ አምፑል አያት መሆኑ ነው። ሥራው ግን ኋላ ተረሳ። በ1942 ሌኒንግራድ በጀርመኖች ተከባ በረኃብ ሞተ። 38 ዓመቱ ነበር።

ከዚያ በ1957 ሊዮ ኤሳኪ፣ ኋላ ሶኒ የተባለው ድርጅት ውስጥ ሲሠራ፣ ቅመሙ ከልክ በላይ የበዛበት ዳዮድ ላይ ያንኑ ጠባይ አየ። ኤሌክትሮኖቹ በግድግዳው ላይ ሳይሆን በግድግዳው ውስጥ ሾልከው ያልፋሉ። ተነል ዳዮድ ተባለ። በ1973 ኖቤል አስገኘለት። ፈጣን ነው፤ ኃይሉ ግን የትንኝ ነው። ዛሬ የሚጠቀምበት ጥቂት ነው።

በ1962 ደግሞ ጄ ቢ ገን አይቢኤም ውስጥ ጋሊየም አርሴናይድ ላይ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ሲያሳርፍ ማይክሮዌቭ ይወጣ ጀመር። ገን ዳዮድ የሚባለው ይሄ ነው። አስቂኙ ነገር በውስጡ ዳዮድ የሚያሰኝ መጋጠሚያ ጭራሽ የለም። ሁለት እግር ስላለው ብቻ ነው ዳዮድ የተባለው። ለረጅም ዘመን የትራፊክ ፖሊስ ፍጥነት መለኪያና ሰው ሲቀርብ ራሱ የሚከፈት በር ልቡ ይሄው ነበር፤ በ10.5 ወይም በ24 ጊጋኸርዝ። የበለጠ ኃይል የሚያወጣ ኢምፓት የሚባልም አለ። ግን ይጮኻል። ሬዲዮው ከሚያወራው በላይ ያጉረመርማል። (ይህም አልባከነም። ሆን ተብሎ እንዲጮኽ የተሠራ ዳዮድ የሬዲዮ መቀበያን ጥራት ለመለካት ያገለግላል።)

አሁን ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ዜናው እንመለስ። ገን ዳዮድ፣ የከፍተኛ ሞገድ ሾትኪ፣ ጥቂት የማይባሉ ፒን ዳዮዶች የሚሠሩት ከጋሊየም አርሴናይድ ነው። በእሱ ውስጥ ኤሌክትሮን ከሲሊከን ስድስት እጥፍ ገደማ ቀልጥፎ ይሄዳል። ጋሊየም ራሱን ችሎ የሚቆፈርበት ቦታ እምብዛም የለም። አልሙኒየም ለማውጣት ቦክሳይት ሲጣራ የሚገኝ ትራፊ ነው። ከዓለም ያልተጣራ ጋሊየም ከ95 በመቶ በላይ የሚወጣው ከቻይና ነው። ኦገስት 1 ቀን 2023 ቻይና ጋሊየምና ጀርማኒየም ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ አደረገች። ዲሴምበር 2024 ወደ አሜሪካ ጭራሽ ከለከለች። ኖቬምበር 2025 ላይ ክልከላውን ለአንድ ዓመት፣ እስከ ኖቬምበር 27 ቀን 2026 አገደችው።

ሁለቱን ጉዳዮች አንድ ላይ የሚያዩ ሰዎች «የቺፕ ጦርነት» ብለው ይጠቀልሏቸዋል። እኔ እንደማየው ይለያያሉ። የኔክስፔሪያ ችግር የማሸጊያ ችግር ነበር። ዕቃው በብዛት የሚመረት ተራ ሲሊከን ነው። ምትክ አለ፤ ምትኩን ለመፈተሽና ለማጽደቅ ግን ወራት ይፈጃል። የጋሊየሙ ግን የማዕድን ነው። 77 ጊጋኸርዝ ላይ የሚሠራ ሾትኪ ያስፈለገው ሰው መጋዘን ሙሉ የሲሊከን ዳዮድ ቢሰጡት ምን ያደርግለታል? አባቴ ሬዲዮ ላይ የሠራሁትን ስሕተት በትልቁ መድገም ነው።

ፍላጎቱ ደግሞ አልቀነሰም። «ቺፑ ሁሉን ውጦታል፣ ብቻውን የቆመ ዳዮድ አብቅቶለታል» ሲባል ሃያ ዓመት ሰማሁ። በከፊል እውነት ነው። ሞባይላችሁ ውስጥ ያለው ቫራክተር ቺፑ ውስጥ የተቀረፀ ነው። ግን ለ6ጂ (ለቀጣዩ የሞባይል ኔትወርክ ትውልድ) ከሚጠኑት ነገሮች አንዱ ሞገድ መላሽ ግድግዳ ነው። ሕንፃ ላይ እንደ ንጣፍ የሚለጠፍና ሞገዱን እንደ መስታወት ወደተፈለገበት የሚያዞር። ብዙዎቹ ናሙናዎች በእያንዳንዷ ትንሽ ክፍል ላይ አንድ ፒን ወይም አንድ ቫራክተር ያስቀምጣሉ። 32 በ32 የሆነች ሰሌዳ 1024 ዳዮድ ትፈልጋለች። አንዷ ሰሌዳ። ሳንቲም የሚያወጣ ዕቃ በ1024 ሲባዛ፣ ከዚያ በሕንፃ ሲባዛ፣ ሳንቲምነቱ ያበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከዚህ ሁሉ ፖለቲካ የራቀ። የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ወዳጆች ዘንድ የታወቀ ዘዴ ነው። እውነተኛ ፒን ዳዮድ ካጣችሁ 1ኤን4007 ይሠራል። 1000 ቮልት እንዲችል ሲባል በመካከሉ ወፍራም፣ ቅመሙ የሳሳ ንጣፍ ስላለው በሬዲዮ ሞገድ ዓይን ሲታይ ፒን ዳዮድ ነው። አዝጋሚነቱ እዚህ ጥበብ ነው።

ባለፈው ሞከርኩት። ከመሳቢያዬ አንድ 1ኤን4007፣ የከረንቱን መስመር ከሞገዱ የሚለዩ ሁለት ጥቅልና ሁለት ካፓሲተር፣ አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ። በአንቴናውና በሬዲዮው መካከል አስገባሁት። 10 ሚሊአምፔር ስሰጠው በ9 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው ጣቢያ ጥርት ብሎ ገባ። ባትሪውን ስገለብጠው ጠፋ። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ያቺ አሥር ፒኮፋራድ አሁንም ታፈሳለች፣ ጆሮ አስጠግቼ ስሰማ ከሩቅ የሚያንሾካሹክ ድምፅ አለ። አባቴ ሶፋው ላይ ነበሩ። «አሁንስ ምን አበላሸህ?» አሉኝ።